ናሙና ቁጥር ዐርባ ሰባት

ሽማግሌው መጣ፣ በሩዝ ጆንያ ውስጥ ቅርፊት ተሸክሞ፣
ግማሽ ቀን በእግሩ፣ ሁለት ቀን ደግሞ
በጭነት መኪና፣ ከከሰል ላይ ከርሞ።
ጺአምባራ ይባላል፤ አገሩ ከሞራማንጋ ወዲያ፣ ከጫካው ዳር ነው፤
«የዛፉስ ስም ማነው?» ብለው፣
«እናንተ ቁጥር ትወዱ የለም ወይ፣ ቁጥር ስጡት» አለ፤
ዐርባ ሰባት አልነው።

የእኔ ሥራ እዚህ መመዘን፣ መመዝገብ፣
ሲመሽም ተጎንብሶ ብልቃጥ ማጠብ።
ፈጨሁት ቅርፊቱን ቀይ ዱቄት እስኪሆን፣
በአልኮል ዘፈዘፍሁት ሦስት ሌሊት፣ ሦስት ቀን፤
አጣራሁ፣ አተነንሁ፤ የተረፈችኝ ነገር ከጥፍር የማትበልጥ፣
እንደ ሬንጅ የጠቆረች፣ ምላስ የምትልጥ።
(ቀመስሃት ወይ? ደንቡ ክልክል ነው።
ቀመስኋት።)

ቀጥሎ አይጦቹ፤
ዐሥራ ሁለት ናቸው፤ ደማቸው ውስጥ ወባ፤
ለግማሾቹ ቅርፊት፣ ለግማሾቹ ውሃ በጉሮሯቸው ገባ።
የትኛው ለየትኛው? እኔ አላውቅም ነበር፤
ፖስታ ውስጥ አሽጋ፣ መሳቢያ ቆልፋ
ዶክተር ኖሮሶዋ የያዘችው ነገር።

በየማለዳው ጠብታ ደም መስታወት ላይ ቀባሁ፣
ዓይኔን ከአጉሊ መነጽሩ ገጠምሁ፣ ቀለበት የመሰሉትን ቆጠርሁ፣
ተሳሳትሁ፤ እንደገና ቆጠርሁ።
ፈታኝ ወገን የለውም ይላሉ። እኔ ወገን ነበረኝ፤
ልጅ ሳለሁ ይህን የመሰለ መራራ፣ አፍንጫዬን ይዛ፣ እናቴ ጋተችኝ።
ዳንሁ። እስካሁንም ሰፈሩ ሁሉ «ቅርፊቱ አዳነው» ይላል፤
ባልጠጣውስ ኖሮ?
ያንን ሌላውን ልጅ፣ ውሃ ብቻ የጠጣውን እኔን፣ ማን አይቶታል?

በሰባተኛው ቀን ፖስታው ተቀደደ፤
ቁጥሩ በሁለቱም ወገን እኩል ሄደ።
ይባስ ብሎ ከሁሉ የሰነበተችው፣ ባለ ሰማያዊ ጅራቷ፣
ውሃ ነበር ዕጣዋ።

ምናልባት ጥፋቱ የእኔ ነው ብዬ፣ አልኮሉን ተውሁና
እንደ ሽማግሌው አገር ወግ፣ በሸክላ አፈላሁት እንደገና፤
በቀዝቃዛ ውሃም ነከርሁ፣ መጠኑን እጥፍ አደረግሁ፤
ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት፣ ዐሥራ ሁለት አይጥ ቀበርሁ።
ዶክተሯ መነጽሯን ጠረገች፤ «ጻፈው» አለች፤
ጻፍሁት። እጄ ግን ከበደች።

የተረፈውን ቅርፊት ይዤ፣ ጭቃውን እያቦካሁ ሄድሁ ልነግረው፤
ካሳቫ ሲልጥ አገኘሁት፤ ቢላዋውን ሳያቆም ሁሉንም አዳመጠው።
«ወንዙ ሲሞላ ድልድይ የለም» አለ፤ «ክሊኒኩ ማዶ ነው።
ልጇ በትኩሳት ሲነድ፣ እናት ባዶ እጇን ሌሊቱን በምን ትግፋው?
ውሃ ትቅዳ፣ ታፍላ፣ ታጥልል፣ ታብርድ፣ ታጠጣው፤
እስኪነጋ የምትይዘው ሥራ ይኑራት። ያንን ነው የሰጠኋት።»

ተቆጣሁ። «ሳይነጋላቸው የቀሩትስ?» አልሁት።
ቢላዋው ቆመ።
«ልቁጠርልህ?» አለና ጣቱን ማጠፍ ጀመረ፤
የላዛ መንትዮች። ፌኖ። የመምህሩ ልጅ፣ ኳስ እያሳደደ ያደረ።
ቤኒሪና፣ ገና ጥርስ ያላወጣ።
አንዱ እጁ አለቀ፣ ወደ ሌላው ተሻገረ፤
ከእኔ አፍ ቃል አልወጣ።
እኔ ብቻ መዝገብ ያለኝ መስሎኝ ነበረ።

ልሄድ ስነሳ፣ ከጓዳ ሌላ ቅርፊት አመጣ፣ በሙዝ ቅጠል የታሰረ፤
«ይኼ ለሳል ነው» አለኝ፤ ቃል እንደቸገረው ሰው ጥቂት አንገራገረ፤
«ፈትነው።
የሚሠራ ከሆነ ግድ የለም፣ ቀስ በል፤ እኔ እዚሁ ነኝ።
ካልሠራ ግን፣
ዝናቡ ሳይገባ፣ ቶሎ ንገረኝ።»